እንግጫ በሩዝ ማሳ ውስጥ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የአረምም ነገር እንዲሁ ነው። ማንነቱንና ጠባዩን ሳያውቁ የሚታገሉት አረም ለጊዜው የተሸነፈ ይመስላል እንጂ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ በሩዝ ማሳ ውስጥ ገበሬውን እጅግ ስለሚያደክመው ስለ እንግጫ፣ እንዴት እንደሚለይና ከመሬት በታች ምን እንደሚሠራ፣ የተረዳሁትን ያህል ለመጻፍ አስቤአለሁ።

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ጥቁር አፈር ነው። ቀድሞ ይበልጥ የታወቀው በከብቱ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ካስተዋወቁ ወዲህ ግን ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ የሩዝ ማሳ እየሆነ ሄደ። ይሁን እንጂ እርጥበትና ጥቁር አፈር ለሩዝ እንደሚስማሙ ሁሉ ለእንግጫም ይስማማሉ።

እንግጫ በሌላ በኩል የተወደደ ተክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በጎጃም ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ይነቅሉታል፣ ይጎነጉኑታልም። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የእርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ገበሬው እንግጫ ወይም ግጫ ብሎ በአንድ ስም ይጥራው እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። ማሳ ውስጥ ብዙ ጥፋት የሚያደርሱት ግን በተለይ ሁለት ናቸው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 አንዱን ሲፐረስ ሮተንደስ፣ ሁለተኛውን ሲፐረስ ኤስኩሌንተስ ብሎ ሰይሟቸዋል። የመጀመሪያው «ድቡልቡል»፣ ሁለተኛው «የሚበላ» ማለት ነው። እኔ ለአንባቢ እንዲቀል በአበባቸው መልክ ቀዩ እንግጫና ቢጫው እንግጫ እላቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት እንግጫን ከሩዝ ቡቃያ መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ገና በለጋነታቸው አረንጓዴና ቀጫጭን ስለሆኑ ቸኩሎ የሚያርም ሰው ሩዙን ነቅሎ እንግጫውን ሊተው ይችላል። መለያው ግን ቀላል ነው። አገዳውን በሁለት ጣት መካከል ይዞ ማሽከርከር ነው። የሩዝ አገዳ ክብ ስለሆነ ያለ ችግር ይሽከረከራል፤ ውስጡም ክፍት ነው። አበባ የሚሸከመው የእንግጫ አገዳ ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ጠርዙ ጣት ላይ ይታወቃል፤ ውስጡም ድፍን ነው። ተክሉ አገዳ ሳያወጣ ገና ትንሽ ከሆነ ከላይ ወደ ታች መመልከት ይበቃል። የሩዝ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ ግራና ቀኝ ሲወጡ፣ የእንግጫ ቅጠሎች በሦስት ረድፍ ወደ ሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ። ደግሞም የሩዝ ቅጠል ከአገዳው በሚለይበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ስስ ሽፋን አለው፤ በእንግጫ ላይ ይህ አይታይም።

ሁለቱን እንግጫዎች እርስ በርሳቸው ለመለየት ደግሞ አበባቸውንና ሥራቸውን ማየት ያሻል። ቀዩ እንግጫ አጠር ያለ፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ አበባው ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው። ቢጫው እንግጫ ቁመቱ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ፈዘዝ ያለና ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ አበባውም የገለባ መልክ ያለው ነው። ከመሬት በታች ሁለቱም ድቡልቡል የምግብ ማከማቻ ያበጃሉ። የቢጫው ድቡልቡል በሚሳበው ግንድ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሆኖ ይገኛል፣ ሲቀምሱትም ይጣፍጣል። በጥንታዊት ግብፅ ሰዎች ይበሉት ነበር፤ ዛሬም በስፔን አገር ቫሌንሲያ ውስጥ መጠጥ ይሠሩበታል። የቀዩ ግን እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር የተሰካ ይመስላል፤ ጣዕሙም መራራ ነው።

የእንግጫ ኃይል ያለው በዚህ በማይታየው ክፍሉ ነው። ቀዩ እንግጫ የሚራባው ከዘሩ ይልቅ በድቡልቡሎቹ ነው። አንዱ ድቡልቡል ይበቅልና ቅጠል ያወጣል፤ ከዚያ ቀጭን ግንድ ከመሬት በታች እየሳበ ይሄዳል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ ተክል ያቆማል፤ በመካከሉም አዲስ ድቡልቡል ያበጃል። ከበቀለ ከሦስት ሳምንት ገደማ ጀምሮ አዲሱን መሥራት ይችላል። በሰንሰለቱ ላይ ካሉት ድቡልቡሎች የፊተኛው ሲያድግ የኋለኞቹን ከመብቀል ይከለክላቸዋል፤ እነርሱም ተኝተው ይጠብቃሉ። ማረሻ ወይም ዶማ ሰንሰለቱን ሲቆርጠው ግን የሚከለክላቸው ስለሌለ እያንዳንዱ ራሱን ችሎ ይበቅላል። አንዱን እንግጫ የቆረጠ ሰው አምስት ወይም ስድስት እንግጫ ተከለ ማለት ነው። የአረም ሊቁ ሌሮይ ሆልምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ቀዩ እንግጫ ከ90 በሚበልጡ አገሮች በ52 ዓይነት ሰብሎች ውስጥ እንደሚገኝ ጽፈው፣ በዓለም ካሉት አረሞች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ባለማወቃችን ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ከእናቴና ከእኅቶቼ ጋር ማሳችንን ስናርም እንግጫውን በእጃችን እየጎተትን ቅጠሉን እንበጥሰው ነበር። ከነሥሩ የወጣውንም ሰብስበን ድንበሩ ላይ ከመርነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሳው እንደ ቀድሞው አረንጓዴ ሆነ። በድንበሩ ላይ የጣልነውም እርጥበት አግኝቶ ሥር ሰደደ፤ ጎርፍ ሲመጣም ጠርጎ ወደ ታች ወሰደው። ከእኛ በታች ያለው ማሳ የአንዲት ባልቴት ነው፤ የሚያርሙትም ብቻቸውን ነው። በተከታዩ ዓመት የእርሳቸው ሩዝ በእንግጫ ተውጦ አየሁ። የእንግጫን ሥር ጠባይ በትምህርት ቤት ከተረዳሁ በኋላ ሄጄ ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ነገርኋቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም፤ «ልጄ፣ እኔ እኮ መሬቲቱ ያረጀች መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ይህ ቃል ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? አንደኛ፣ የመጀመሪያውን አረም አዲስ ድቡልቡል ሳይሠራ፣ ማለት ከሦስት ሳምንት በፊት ማረምና በየጊዜው መደጋገም ነው። ድቡልቡሉ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ያከማቸውን ምግብ ይጨርሳልና በመጨረሻው ይደክማል። ሁለተኛ፣ ቅጠሉን መበጠስ ሳይሆን ሥሩን ፈልፍሎ ማውጣት፣ የወጣውንም ከማሳና ከቦይ አርቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ በእርጥብ አፈር ላይ ማረስ ድቡልቡሉን ሲያባዛው፣ በበጋ ማረስ ግን ወደ ፀሐይ አውጥቶ ያደርቀዋል። ሁለቱም እርሻ ናቸው፤ ውጤታቸውን የሚለየው ጊዜው ነው። አራተኛ፣ እንግጫ በሙቀትና በብርሃን ከሩዝ ይልቅ ይበረታል፣ ጥላን ግን አይችልም፤ ስለዚህ ሩዙ ሳይሳሳ በቶሎ ማሳውን እንዲሸፍን ማድረግ ይረዳል። ማሳውን አስተካክሎ ውኃ ማስተኛትም ብዙውን ጊዜ ይገታዋል፤ ነገር ግን ውኃ የለመደ እንግጫ ስላለ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ቱፎርዲ የሚባለው መድኃኒትም ቅጠሉን ሲያቃጥል ድቡልቡሉን ከመሬት በታች ስለሚተወው፣ እንግጫው ተመልሶ ሲበቅል ገበሬው መድኃኒቱ ሐሰተኛ ይመስለዋል።

ባለፈው በጋ የእኛንና የባልቴቷን ማሳ በአንድነት አረስን። እኛ ልጆች ከማረሻው ኋላ እየተከተልን ድቡልቡሉን በቁና ለቀምን፤ እስኪጨማደድም በድንጋይ ላይ አሰጣነው። እንግጫው ጨርሶ አልጠፋም፤ በዚህ ክረምት ግን ባልቴቷ አረማቸውን ከእኛ እኩል ጨረሱ።

የእርሻ ልጆች የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በመጽሐፍ የምናየው የሥርና የግንድ ሥዕል ለፈተና ብቻ የተሳለ አይደለም። ወደየቤታችሁ ስትመለሱ አንድ እንግጫ ነቅላችሁ አገዳውን በጣታችሁ አሽከርክሩት፣ ሥሩንም ተከትላችሁ ቆፍሩ። ያያችሁትንም ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻችሁ አሳዩ። ጎርፍ የማሳ ድንበር ስለማያውቅ፣ የአንዱ ማሳ እንግጫ የሁሉም እንግጫ ነው።