ስለ እንግሊዝኛ ባዕድ መነሻ ጥቂት ማስገንዘቢያ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል የተማርነው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው፡፡ በ9ኛ ክፍል ግን መጽሐፉ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነብን፡፡ ያን ጊዜ ቃሉን አንድ በአንድ ሸመደድን፤ የሸመደድነው ግን ፈተና ላይ አልደረሰልንም፡፡ ታናናሾቻችን እንደ እኛ እንዳይቸገሩ፣ በዕረፍት ቀን የምናስጠናቸው ሁሉ ይህን ብናስረዳቸው መልካም ነው፡፡

ባዕድ መነሻ ከቃል ፊት ተቀጥሎ ትርጉሙን የሚለውጥ ቁራጭ ነው፡፡ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ አማርኛ ከግዕዝ ወስዶ «ሰብአዊ» የሚለውን «ኢሰብአዊ» ይላል፡፡ በአፋን ኦሮሞም «ኒ ዹፋ» ይመጣል፣ «ሂን ዹፉ» አይመጣም ማለት ነው፡፡ እንግሊዝኛም እንዲሁ «ሃፒ» ደስተኛ ሲል፣ «አንሃፒ» ደስ ያላለው ይላል፡፡ «ሪ» መድገምን፣ «ሚስ» ስሕተትን ያመለክታል፤ «ሪራይት» እንደገና መጻፍ፣ «ሚስሪድ» አሳስቶ ማንበብ ነው፡፡ አፍራሹ «ኢን» ደግሞ የጎረቤቱን ድምፅ ይከተላል፤ ከ«ፖሲብል» ፊት «ኢም»፣ ከ«ሊጋል» ፊት «ኢል»፣ ከ«ሬጉላር» ፊት «ኢር» ይሆናል፡፡

ሆኖም «ኢን» ሁልጊዜ አፍራሽ አይደለም፡፡ በነዳጅ በርሜል ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሑፍ አይቶ «የማይቀጣጠል» ብሎ የተረጎመ ሰው፣ አጠገቡ ክብሪት ሊጭር ይችላል፡፡ ቃሉ ግን «ቶሎ የሚቀጣጠል» ማለት ነው፤ ይህኛው «ኢን» በላቲን «ወደ ውስጥ» የሚለው ነውና፡፡ በአሜሪካ የእሳት መከላከያ ባለሙያዎች ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምረው በምትኩ «ፍላመብል» እንዲጻፍ የመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

መነሻን የመለየት ነገር በጣትም ይታወቃል፡፡ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ እንደሚታወቀው፣ በእንግሊዝኛ ብሬል አጭር አጻጻፍ የ«ዲስ» ሦስት ፊደላት በቃል መጀመሪያ በአንድ ምልክት ይጻፋሉ፡፡ ይህም የመጀመሪያውን ክፍለ ድምፅ ሲሠሩ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ምልክቱ በ«ዲስኧግሪ» ይገባል፤ በ«ዲሽ» አይገባም፡፡

ምክራችን እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ነው፡፡ አንደኛ፣ መነሻው ሲነሣ የሚቀረው ራሱን የቻለ ቃል ነውን? ከ«አንክል» ላይ «አን» ቢነሣ የሚቀረው «ክል» ምንም ትርጉም የለውም፡፡ ሁለተኛ፣ የገመትነው ትርጉም ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ይስማማልን? ከተጠራጠርን መዝገበ ቃላት እንግለጥ፤ በተለይም ጽሑፉ በበርሜል ወይም በመድኃኒት ላይ ከሆነ በግምት አንለፍ፡፡