የትምህርት ቤት ዘበኛ ደመወዝ ከወዴት ይምጣ

ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ አባት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ልጁ ዕውቀት እንዲያገኝ፤ ሁለተኛው በደኅና ሄዶ በደኅና እንዲመለስ ነው። ሁለተኛው ካልተገኘ የመጀመሪያው አይገኝም። አጥር የሌለው ትምህርት ቤት በቀን የከብት መዋያ፥ በሌሊት የሌባ መግቢያ ይሆናል፤ መጽሐፉ ይጠፋል፥ ወንበሩ ይሰበራል። ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆችም ከሁሉ አስቀድመው ልጃቸውን ከቤት ያስቀራሉ። ስለዚህ አጥርና ዘበኛ፥ መብራትና የሚዘጋ በር ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ጋራ የሚቈጠሩ እንጂ ትርፍ ጌጥ አይደሉም።

ዳሩ ግን አጥር አንድ ጊዜ ይታጠራል፤ የዘበኛ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። ወላጆች ተሰብስበው የሚያዋጡት ገንዘብ ለአጥሩ ይበቃ ይሆናል፤ ለደመወዙ ግን በየዓመቱ የማይቋረጥ ገቢ ያስፈልጋል። የማይቋረጥ ገቢም ግብር ነው።

አገር ከንብረቱ ከፍሎ የራሱን ትምህርት ቤት ይደግፍ ማለት ለኢትዮጵያ እንግዳ አሳብ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 94 የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ፥ ገንዘቡ ለየጠቅላይ ግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወስኖ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የባለ መሬትነቱ ሥርዐት ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ ዐዋጅን አጸደቀ፤ ይህም በከተማ ባለው የመሬት ይዞታና ቤት ላይ ክልሎች ግብር የሚጥሉበትን መንገድ የሚያሳይ ነው። ከዚህ ገቢ ጥቂቱ ለትምህርት ቤት ጥበቃ ቢመደብ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከጂንካና ከደቡብ ኦሞ የተሻለ መመርመሪያ አይገኝም።

ጂንካ ገበያ ያላት፥ ዩኒቨርሲቲ የቆመባት፥ የእንግዳ ማረፊያ የበዛባት ከተማ ናት። ቤት እንደ ከብት በድርቅ አይሞትም፥ ከቦታውም አይነቃነቅም፤ ስለዚህ የሚገመት ነገር በከተማዋ አለ። ባለቤቱም ቢሆን የሚከፍለው በከንቱ አይደለም፤ ልጆች ያለ ሥጋት በሚማሩበት ሰፈር ያለ ቤት ተከራይም ገዢም አያጣም። ከዚህም በላይ በ2014 ዓ.ም. በጂንካ ሁከት ተነሥቶ ቤትና ንብረት መቃጠሉ የሚያስተምረው አለ። ብዙ ሕዝብ በተቈጣ ጊዜ አንድ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ የሚመልሰው ነገር የለም። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤትን የሚጠብቀው፥ ሰው ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ሲቆምለት ነው፤ የከፈለበትን ነገር ደግሞ ሰው በቀላሉ አይተወውም።

ይሁን እንጂ ከጂንካ ወርዶ ወደ ሐመርና ወደ ዳሰነች፥ ወደ ኛንጋቶምና ወደ ሙርሲ የሄደ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በዚያ ሀብት ማለት ከብት ነው፤ ጎጆው ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ነው፤ እረኛውም ሣርና ውሃ ወዳለበት ይሄዳል። በ1946 ዓ.ም. በከብት ላይ ግብር የሚጥል ዐዋጅ ወጥቶ እንደ ነበረ ይታወሳል፤ ነገር ግን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እንደ ታየው ያለ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ያልቃል፥ ከከብቱም ጋራ ገቢው ይደርቃል። የጥበቃው ችግር ግን በዚያው ይብሳል። ትምህርት ቤቶቹ የተራራቁ ናቸው፤ ልጆች ረጅም መንገድ ይሄዳሉ፥ አንዳንዶቹም በአዳሪነት ያድራሉ፤ በግጦሽና በውሃ ምክንያት ጠብ ይነሣል፤ የኦሞ ወንዝም ሞልቶ በዳሰነች መንደሮችን ያጥለቀልቃል። እንግዲህ ጥበቃ ከሁሉ በሚያስፈልግበት ቦታ ግብር ከሁሉ የሚያንስ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ትምህርት ቤቶች ከየአካባቢያቸው የንብረት ግብር ይደገፉ ነበር። በሳን አንቶኒዮ ከተማ ኤጅውድ የሚባለው የድኾች ወረዳ ከ100 ዶላር ግምት 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም እየከፈለ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ብቻ አገኘ፤ አላሞ ሃይትስ የሚባለው የባለጠጎች ወረዳ ግን 85 ሳንቲም ብቻ እየከፈለ 333 ዶላር አገኘ። ብዙ የከፈለው ጥቂት ተቀበለ። ነገሩ ለአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 አምስት ዳኞች በአራት በልጠው ሥርዐቱ እንዲጸና ፈረዱ። በ1989 ግን የቴክሳስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥርዐቱ ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ጋራ አይስማማም ብሎ ወሰነ፤ በ1993ም ከባለጠጋው ወረዳ ለድኻው የሚያካፍል ሕግ ወጣ።

እንግዲህ ሌሎች በብዙ ዓመት ክርክር የተማሩትን ደቡብ ኦሞ ገና ከመጀመሪያው ሊጠቀምበት ይችላል። የጂንካ ቤት ግብር የጂንካን ትምህርት ቤቶች ዘበኛ ይክፈል፤ ይህ ተገቢ ነው። ለአርብቶ አደሩ ልጆች ግን በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከጠቅላላው ገቢ ድርሻ ይመድብ። ድርሻውም በተሰበሰበው ግብር ልክ ሳይሆን በተማሪዎቹ ቍጥርና በመንገዱ ርቀት ይመዘን። ዘበኛውም በአገሩ ሽማግሌዎች ምክር፥ ቋንቋውን ከሚያውቁት መካከል ይመረጥ፤ ልጆቹ የሚሉትን የማይሰማ ጠባቂ ከአጥር አይሻልምና።

ከሁሉ በላይ ግን የተሰበሰበው ገንዘብና የዋለበት ሥራ በትምህርት ቤቱ በር ላይ በየዓመቱ ተጽፎ ይለጠፍ። ሕዝብ ግብርን የሚጠላው ስለ ከበደው ብቻ አይደለም፤ ወዴት እንደ ገባ ሳያውቅ ሲቀርም ነው። ሹሙ ሒሳቡን በግልጥ ካሳየ፥ ካህኑም በዐውደ ምሕረት ለሕዝቡ ካስረዳ፥ ከፋዩ ያለ ግዳጅ ይከፍላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ለድኻ መንደር ብቻውን ቢተው ሸክም ነው፤ ከተማውና ገጠሩ ቢካፈሉት ግን በሐመር ሜዳ ያለችው ልጅም እንደ ጂንካዪቱ ልጅ ሳትፈራ ሄዳ ትመለሳለች።