ማሰሪያውን መፈለግ፤ ስለ እንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለወላጆች የቀረበ

ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መስደድ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ማታ ሲመለስ የተማረውን የሚጠይቀው ሰው በቤቱ ያላገኘ እንደ ሆነ፣ ትምህርቱ ከመንገድ ይቀራል። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛን ዐረፍተ ነገር ፈትቶ ማንበብ ያልቻለ ተማሪ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ በታሪክም፣ በሒሳብም፣ በሥነ ሕይወትም ይወድቃል።

በደቅ ደሴትና በጣና ዳር የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ይህን ነገር እያነሡ ሲጨነቁ እንሰማለን። «እኛ የተማርነው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ፊደል ቈጥረን ዳዊት ደግመናል፤ ከመካከላችን ቅኔ የተቀኘም አለ፤ ለፈረንጅ ቋንቋ ግን ምን ልንረዳው እንችላለን?» ይላሉ። እኛ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም በሚሲዮን ትምህርት ቤትም ደጅ የጠናን ስለ ሆንን፣ ይህ ሐሳብ ትክክል እንዳልሆነ ለማስረዳት እንወዳለን። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የሚከፈትበት ቍልፍ ከጥንት ጀምሮ በቅኔ ቤት ተንጠልጥሎ የሚኖር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴን ባሠሩበት ዘመንም የአገራችን የቅኔ ተማሪ ግስ ያወርድ፣ አገባብ ይቀጽል፣ ማሰሪያ ይፈልግ ነበር።

1ኛ፤ ስለ ማሰሪያ

የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማሰሪያው የት ነው?» ብሎ ነው። ማሰሪያ ማለት ነገሩን ሁሉ አጠቃልሎ የሚያስር አንቀጽ ነው። ነዶ ያለ ማሰሪያ እንደሚበተን፣ ንግግርም ያለ ማሰሪያ ይበተናል። ከዚያም «ባለቤቱ ማን ነው?» ይላል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለእንግሊዝኛም ዋና ጥያቄዎች ናቸው።

ልዩነቱ በስፍራቸው ነው። በአማርኛ ማሰሪያው ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ «ዓሣ አጥማጁ በጧት በሐይቁ ላይ ትልቅ ዓሣ ያዘ» ስንል «ያዘ» እስኪመጣ ድረስ ሰሚው ይጠብቃል። በእንግሊዝኛ ግን ማሰሪያው ከባለቤቱ ቀጥሎ ይቆማል፤ የቀረው ሁሉ ከኋላው ይከተላል። ስለዚህ ልጁ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እንደ አማርኛ ከመጨረሻው ፍቺ ቢፈልግለት ይሳሳታል።

ሁለተኛው ልዩነት ይህ ነው። በአማርኛ «መጣ» ያልን እንደ ሆነ ባለቤቱ በአንቀጹ ውስጥ ተሸሽጎ ስላለ አንዱ ቃል ብቻውን ሙሉ ነገር ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ይህን አይፈቅድም፤ «ሂ ኬም» ማለት ግድ ነው። ያለ ባለቤት መቆም የሚችለው ትእዛዝ ነው፤ «ከም» ማለት «ና» ማለት ነው። ልጆቻችን በጽሕፈት ባለቤቱን የሚጥሉበት ምክንያት ስንፍና ሳይሆን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ልማድ መሆኑን ወላጅ ቢያውቅ፣ ከመቈጣት ይልቅ ለማስረዳት ይችላል።

2ኛ፤ ስለ ሐረግና ስለ ክሎዝ

እንግሊዞች ፍሬዝ የሚሉትን እኛ ሐረግ እንለዋለን። ሐረግ ማለት ተባብረው አንድ ሐሳብ የሚያመለክቱ፣ ነገር ግን ባለቤትና አንቀጽ በአንድነት የሌላቸው ቃላት ናቸው። «ትልቁ ታንኳ» ሐረግ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዘ ቢግ ቦት» ይባላል። «በቤት ውስጥ» ሐረግ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኢን ዘ ሃውስ» ይባላል። አማርኛ «በ»ን ከፊት «ውስጥ»ን ከኋላ አድርጎ ቤቱን በሁለት ወገን ሲይዘው፣ እንግሊዝኛ ከፊቱ ብቻ ይይዘዋል። ግዕዙም «ውስተ ቤት» ብሎ እንዲሁ ከፊቱ ይይዘዋል።

ክሎዝ የሚባለው ግን ባለቤትና አንቀጽ ያለው ነው። እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱን ችሎ የሚቆም ነው፤ «ዘ ቦት ኬም»፣ «ታንኳው መጣ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ጥገኛ ነው፤ «ዌን ዘ ቦት ኬም»፣ «ታንኳው በመጣ ጊዜ» እንደ ማለት ነው። በዚህ በሁለተኛው ባለቤትም አንቀጽም አለ፤ ነገር ግን «ዌን» የሚለው ቃል በመጨመሩ አንቀጹ ማሰሪያ መሆኑ ቀረ።

ይህን ነገር የቅኔ ተማሪ ያውቀዋል። ዐቢይ አገባብ የሚባለው በአንቀጽ ላይ ሲወድቅ ማሰሪያነቱን እንደሚያፈርስበት ተምሯል። እንግዲህ «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ቢኮዝ» የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ዐቢይ አገባቦች ናቸው ብንል ነገሩ ባጭር ይገባል።

ወላጅ ፊደል እንኳ ባይቈጥር ጥገኛውን የሚለይበት ቀላል መፈተኛ አለ። «ነፋሱ ስለ በረታ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ቢኖር፣ ሰሚው «እና ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሰሚው «እና?» የሚልበት ነገር ሁሉ ጥገኛ ነው፤ የሚደገፍበት ዋና ነገር ይፈልጋል። «ቢኮዝ ዘ ዊንድ ዋዝ ስትሮንግ» ብሎ ነጥብ የሚያደርግ ልጅም እንዲሁ ነገሩን ሳይጨርስ ትቶታል። ለጥያቄ መልስ ሆኖ ሲነገር ግን ዋናው ነገር በጥያቄው ውስጥ ስላለ በንግግር ያልፋል።

3ኛ፤ ግዕዝ ለእንግሊዝኛ ድልድይ ስለ መሆኑ

አማርኛ አገባቡን ከአንቀጹ ጋራ ያጣብቀዋል፤ «ቢመጣ»፣ «ሲመጣ»፣ «ስለ መጣ» ይላል። ጥገኛውም ዘወትር ከዋናው በፊት ይሄዳል። በእንግሊዝኛ አገባቡ ለብቻው በክሎዙ ራስ ላይ ይቆማል፤ ጥገኛውም ከዋናው በፊት ወይም በኋላ ሊመጣ ይችላል። «ነፋሱ ካቆመ እንሄዳለን» ለማለት «ኢፍ ዘ ዊንድ ስቶፕስ፣ ዊ ዊል ጎ» ወይም «ዊ ዊል ጎ ኢፍ ዘ ዊንድ ስቶፕስ» ይባላል፤ ፍቺው አንድ ነው። ጥገኛው ሲቀድም በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ ይደረጋል፤ ሲከተል ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም።

አሁን ግዕዙን እንመልከት። «አመ መጽአ ብእሲ» ማለት «ሰውየው በመጣ ጊዜ» ማለት ነው፤ እንግሊዙ «ዌን ዘ ማን ኬም» ይላል። «እስመ መጽአ» ማለት «ስለ መጣ» ነው፤ እንግሊዙ «ቢኮዝ ሂ ኬም» ይላል። «አመ» እና «ዌን»፣ «እስመ» እና «ቢኮዝ» በአንድ ስፍራ፣ በራስ ላይ ተቀምጠዋል። ደግሞ «ብእሲ ዘመጽአ» ስንል «የመጣ ሰው» ማለታችን ነው፤ እንግሊዙ «ኤ ማን ሁ ኬም» ይላል። አማርኛው «የመጣ»ን ከሰው በፊት ሲያስቀድም፣ ግዕዙም እንግሊዝኛውም ሰውን አስቀድመው ገላጩን ያስከትላሉ። ልዩነታቸው ግዕዝ ብዙ ጊዜ አንቀጹን ከባለቤቱ ሲያስቀድም፣ እንግሊዝኛ ባለቤቱን ማስቀደሙ ነው። እንግዲህ ግዕዝ የሚያውቅ አባት ለልጁ እንግሊዝኛ ባዕድ ነው ሊባል አይገባም። የአክሱም ቋንቋ የለመደ ጆሮ የለንደኑን አገባብ ለመለየት አይቸገርም። ግዕዝን መገናኛቸው አድርገው ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለውን የጀርመን ሊቅ ቋንቋችንን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደ ነበሩ ማስታወስም ይገባል።

4ኛ፤ አራቱ የዐረፍተ ነገር ዓይነቶች

የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር በአሠራሩ በአራት ይከፈላል። መጀመሪያው ነጠላ ነው፤ አንድ ክሎዝ ብቻ አለው፤ «ታንኳው መጣ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ድርብ ነው፤ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ክሎዞች በ«ኤንድ»፣ በ«በት» ወይም በ«ኦር» ሲጋጠሙ ነው፤ «ነፋሱ ቆመና ታንኳው መጣ» እንደ ማለት ነው። ሦስተኛው ውስብስብ ነው፤ አንድ ዋናና ቢያንስ አንድ ጥገኛ አለው፤ «ነፋሱ በቆመ ጊዜ ታንኳው መጣ» እንደ ማለት ነው። አራተኛው ድርብም ውስብስብም የሆነ ነው፤ «ነፋሱ በቆመ ጊዜ ታንኳው መጣና ወደ ቤታችን ሄድን» እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የቦዝ አንቀጽ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማርኛ «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቍርሱን በልቶ፣ ደብተሩን ይዞ ሄደ» ብሎ አራት ቦዝ ደርድሮ በአንድ ማሰሪያ ያስራል። እንግሊዝኛ ይህን ብዙ ጊዜ አንቀጾቹን ሁሉ እኩል አድርጎ በነጠላ ሰረዝ ይለያቸዋል፤ ከመጨረሻው በፊት «ኤንድ» ያደርጋል። ልጁ አማርኛውን ቃል በቃል ለማሻገር ቢሞክር መውጫ ያጣል፤ ቦዙን ወደ ማሰሪያ ለውጥ ቢሉት ግን ወዲያው ይቀናዋል።

በሐሳቡም ዐረፍተ ነገር የሚነግር፣ የሚጠይቅ፣ የሚያዝ፣ የሚያደንቅ ተብሎ ይለያል። ከእነዚህ ልጆችን የሚያስቸግራቸው የሚጠይቀው ነው። አማርኛ በድምፅ ወይም «ወይ» በማለት ሲጠይቅ፣ እንግሊዝኛ «ሂ ኬም» የነበረውን «ዲድ ሂ ከም» ብሎ ረዳት አንቀጽ ከባለቤቱ ፊት ያቆማል።

5ኛ፤ ይህ ዕውቀት ለምን እንደሚጠቅም

ምናልባት አንባቢ «ይህ ሁሉ የቃል ቈጠራ ለኑሮ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ሲጻፍ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። አንድ ምስክር «ትናንት የተገዛውን መረብ የወሰደው ሰው መጣ» ቢል፣ ትናንት የሆነው ምንድር ነው? መረቡ የተገዛው ነውን? ሰውየው የወሰደው ነውን? ወይስ የመጣው? «ትናንት» የሚለው አንድ ቃል ለሦስቱም አንቀጾች ሊሆን ይችላል፤ ንጹሕ ሰው የሚከሰስበት ወይም በደለኛ የሚያመልጥበት ቀንም በዚያ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ጸሓፊው ብዕሩን አቁሞ ምስክሩን ይጠይቃል። ሐረግ የትኛውን እንደሚገልጽ መለየት የሰው መብት መጠበቅ ነው።

በመንግሥታት መካከልም እንዲሁ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ በተዋዋሉት ውል፣ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ማሰሪያ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበረ። ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ ቢወዱ በኢጣልያ አጋዥነት ለመላላክ ይችላሉ ማለት ነው። በኢጣልያንኛው ግን ማሰሪያው ተለውጦ፣ በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ሆነ። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ገለጡ፤ ነገሩ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ተፈረደ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሰላም ውልም የውጫሌው ውል ፈረሰ። በአንድ ማሰሪያ መለወጥ ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

6ኛ፤ በቤት የሚደረግ ልምምድ

ወላጅ ልጁን ማታ ማታ ለጥቂት ጊዜ አጠገቡ አስቀምጦ እንዲህ ቢያደርግ ይበቃዋል። ልጁ ከመጽሐፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ያንብብ፤ አባት ወይም እናት በተራ አራት ነገር ይጠይቁ። ማሰሪያው የትኛው ነው? ባለቤቱ ማን ነው? አገባብ የወደቀባቸው ጥገኞች የትኞቹ ናቸው? የቀሩት ሐረጎች የትኛውን ይገልጻሉ? ጠያቂው እንግሊዝኛ ባያውቅም ልጁ በአማርኛ እየፈታ ሲመልስ፣ ነገሩ የተበተነበትን ስፍራ ራሱ ያገኘዋል።

ለዚህ ልምምድ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 3 መሠረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ የሚጸናው አማርኛው ነው። ሕገ መንግሥቱም በሁለቱ ቋንቋዎች ይገኛል። ስለ ሕፃናት መብት የሚናገረውን 36ኛውን አንቀጽ ቢያነቡ፣ እንግሊዝኛው ባለቤቱንና ማሰሪያውን በራስ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ፣ በሕይወት ስለ መኖር፣ ስም ስለ ማግኘትና ስለ ሌላውም መብት የሚናገሩትን ሐረጎች ከሥሩ እንደ ደረደራቸው ያያሉ። ልጁ ሰዋስውንም መብቱንም በአንድ ጊዜ ይማራል። የግዕዙን ሥርዓት ለማደስ የሚሻ አባትም፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትንና ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ቢመለከት ብዙ ጥቅም ያገኝበታል።

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፤ የያዛችሁትን ዕውቀት አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት። ልጃችሁ መጽሐፉን ዘርግቶ ግራ ሲገባው ብታዩ፣ ከአጠገቡ ተቀመጡና የቅኔ መምህራችሁ ይጠይቋችሁ እንደ ነበረው «ማሰሪያው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት።