እውነት ወይስ ተረት? የጂውጃይጎ ባለቀለም ሐይቆች

ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አክስቴ ቤት፣ ቡና እየተፈላ ነው። ከቻይና የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እያዞረ ያሳየናል። ሐይቁ መሐሉ ሰማያዊ፣ ወደ ዳር አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቢጫ ነው፤ ከውሃው ሥር የወደቁ ግንዶች ተጋድመው ይታያሉ። አክስቴ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ሲመለከቱ ቆዩና "ልጄ፣ ይሄማ ቀለም የተቀባ ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ስፍራ ብዙ ወሬ ሰማሁ። ሄጄ ካየሁት በኋላ ደግሞ እውነቱን ከተረቱ መለየት እንዳለብኝ ተሰማኝ።

ስፍራው ጂውጃይጎ ይባላል። በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በሲቹዋን ክፍለ ሀገር፣ በሚንሻን ተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ነው። ስሙ "የዘጠኝ መንደሮች ሸለቆ" ማለት ሲሆን መንደሮቹ የቲቤታውያን ናቸው። ዩኔስኮ በ1992 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከመቶ በላይ ሐይቆች አሉት።

"ቀለሙ የፎቶ ማሳመሪያ ሥራ ነው።"

ተረት ነው። "የአምስት አበባ ሐይቅ" በሚባለው ዳር ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥልቀቱ አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም ከታች የተኛው ግንድ ቅርንጫፉ ሳይቀር ይቆጠራል። ግንዱ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ዓሦች በላዩ ሲያልፉ ጥላቸው ከሥር አብሮ ይሄዳል። ምሥጢሩም ያለው እዚያው ግንድ ላይ ነው። ውሃው በተራራው ውስጥ ሲያልፍ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። ወደ ውጭ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተናል፤ ያን ጊዜ ኖራው ከውሃው እየተለየ ባገኘው ነገር ሁሉ ላይ ይጋገራል። ድሬዳዋ ለኖረ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የዚሁ ዘመድ ነው።

ኖራው ሲዘቅጥ ደቃቁን ቆሻሻ ይዞት ስለሚወርድ ውሃው እጅግ ይጠራል። የጠራ ውሃ ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ይውጣል፣ ሰማያዊውን ይመልሳል። በውሃው የተንሳፈፈው የኖራ ብናኝ ያንን ሰማያዊ ይበትነዋል፤ ከሥር ያለው ነጭ ንጣፍ ያደምቀዋል። አረንጓዴውና ቢጫው ከአልጌውና ከውሃ ውስጥ ዕፅዋቱ ይመጣሉ። ጥልቀቱ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያል። አንድ ሐይቅ በአንድ ጊዜ ብዙ ቀለም የሚይዘው ለዚህ ነው።

"ቀለም ያለው ውሃ ጤነኛ አይደለም" የሚሉም አሉ። ይህ ከእኛው አገር የመጣ ግምት ይመስለኛል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ደቃቅ የውሃ ሕይወት ነው፤ ውሃው በእርሱ ስለተሞላ ሥሩ አይታይም። በጂውጃይጎ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ቀለሙን የሚያወጣው ጥራቱ ነው።

"እንጨት ቆራጮች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እስኪደርሱበት ድረስ ቦታውን የሚያውቀው ሰው አልነበረም።"

ይህኛው ወሬ ያናድደኛል፤ በብዙ የጉዞ ማስታወቂያ ላይም ይገኛል። ቲቤታውያኑ በዚያ ሸለቆ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ እህል ዘርተዋል፣ ከብት አሰማርተዋል፣ ጸሎት የተጻፈባቸውን ባንዲራዎች ሰቅለዋል። ስለ ሐይቆቹ አፈጣጠር የሚናገሩት የራሳቸው አፈ ታሪክም አላቸው፦ የተራራው አምላክ ከነፋስና ከደመና የተሠራ መስታወት ለሚወዳት እንስት አምላክ ሰጣት፤ መስታወቱ ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ስብርባሪው ሐይቆች ሆነ። ለሐይቆቹ እንዲህ ያለ ታሪክ ያበጀ ሕዝብ እያለ "ማንም አያውቀውም ነበር" ይባላል? የግሽ ዓባይ ሰው ከምንጩ ጠበል ሲጠጣ ኖሮ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. የውጭ አገር ተጓዡ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ "አገኘው" ሲባል እንደሰማነው ዓይነት ነው። የእንጨት ሠራተኞቹ መምጣታቸው እውነት ነው። ያመጡት ግን መጥረቢያ ነበር። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደኑ በብዛት ተቆረጠ፤ በ1970ዎቹ መገባደጃ ቆረጣው ቆሞ ስፍራው ጥብቅ ቦታ ሆነ። ለጎብኚዎች የተከፈተው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው።

"በመሬት መንቀጥቀጡ ጠፍቷል።"

ግማሹ እውነት ነው። ኦገስት 8 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አካባቢውን የመታው መንቀጥቀጥ በቻይና ልኬት 7.0 ደርሶ ነበር፤ 25 ሰዎች ሞተዋል። የብልጭታ ሐይቅ የሚባለው የኖራ ግድቡ ተሰንጥቆ ውሃው ፈሰሰ፤ ኑኦሪላንግ የሚባለው ሰፊ ፏፏቴም ከፊሉ ተናደ። ሸለቆው ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። ሆኖም ግድቡ ተጠግኖ ሐይቁ እንደገና ሞልቷል፤ ጎብኚም ደረጃ በደረጃ ተመልሷል።

"ፓንዳ ይታያል" ለሚሉ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፓንዳ ከሩቅ ደኑ አይወጣም፤ በሐይቆቹ ዳር አየዋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

"ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል" የሚለው እንደየሰዉ ነው። የአምስት አበባ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,470 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ከአዲስ አበባ እምብዛም አይበልጥም። ከሁሉም ከፍ ያለው፣ "ረጅሙ ሐይቅ" የሚባለው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ የወጣ ሰው ያውቀዋል። መጠንቀቅ ያለበት ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቆላ ከተማ የሚመጣው ነው። በተለይ በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ ማረፊያው ራሱ ከ3,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ማለት አለበት። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

"ለጉብኝት አንድ ቀን ይበቃል።"

ለሸለቆው ይበቃል፤ ለመንገዱ አይበቃም። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከቼንግዱ የሚነሳ ፈጣን ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከባቡር ጣቢያው እስከ መግቢያው ግን በተራራ መንገድ ገና ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ይቀራል። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለስ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። በዋዜማው ሂዱና በአቅራቢያው እደሩ። የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ትኬታችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ ፓስፖርታችሁን አትርሱ። ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ከሁሉም ያምራል፤ ነገር ግን ቻይናውያን ብሔራዊ በዓላቸውን በሚያከብሩበት በኦክቶበር የመጀመሪያ ሳምንት አትሂዱ። ሸለቆው እንደ ባላ ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ በውስጥ አውቶቡስ እስከ ላይኛው ጫፍ ወጥታችሁ በእግር ወደ ታች ውረዱ።

መንገዱ በሐይቆቹ ዳር የተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ነው። ከእርሱ ወርዶ ፎቶ ለመነሳት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ሐይቆቹን ይዞ ያቆመው ግድብ ከኖራ የተሠራ ነው፤ ሲጋገር ረጅም ዘመን ይፈጅበታል፣ የጫማ ተረከዝ ግን ይሰብረዋል። እባካችሁ ከመረማመጃው አትውረዱ፤ ወደ ውሃውም ሳንቲም አትወርውሩ።