ሕዝብ የወሰነው፣ ምክር ቤት የሚያዘዋውረው

(ድምፅ፦ የቴፒ ገበያ ሁካታ፤ የሞተር ሳይክል ጥሩምባ)

ተራኪ፦ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በቆላው ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ የቤንች ሸኮ፣ የሸካ፣ የካፋ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ መራጮች ለሕዝበ ውሳኔ ተሰለፉ። ጥያቄው ከደቡብ ክልል ወጥቶ የራስን ክልል ስለ መመሥረት ነበር። ከ1 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በድጋፍ ተሰጠ፤ ኅዳር 14 ቀን ቦንጋ ላይ አዲሱ ክልል ተመሠረተ።

በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስለ ገንዘብ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ቢሆንም መራጩ ገንዘቡን ሳያስብ መረጠ ለማለት ይከብዳል። ከቴፒ የደቡብ ክልል መቀመጫ እስከነበረችው ሐዋሳ ድረስ ተጉዞ ጉዳይ ማስፈጸም ስንት የሥራ ቀን፣ ስንት የትራንስፖርት ብር እንደሚበላ ያውቅ ነበር። መንገዱም ውኃውም ቅርብ ይሁንልኝ ነው ያለው። ክልሉ ደግሞ መቀመጫውን ለአራት ከተሞች አከፋፈለ፦ አስፈጻሚው ቦንጋ፣ የክልሉ ምክር ቤት ተርጫ፣ ዳኝነቱ ሚዛን አማን፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤት ቴፒ። ሁሉም እንዲደርሰው ከሆነ፣ እሺ። ግን ቢሮው፣ መኪናው፣ ነዳጁና አበሉም በአራት ከተማ ነው፤ ወጪው ከዚያው ካዝና።

(ሙዚቃ ገብቶ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 በጀት የማውጣትና የማስተዳደር ሥልጣንን ለክልሎች ይሰጣል። ስለዚህ ለገጠር መንገድ በሐምሌ የተያዘ ብር በጥር ወደ ሌላ ሥራ ቢዞር፣ የፋይናንስ ሥርዓቱ እስከተጠበቀ ድረስ፣ ሕዝበ ውሳኔው አያግደውም። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ መራጮች በ1998 እ.ኤ.አ. በቀጥታ ድምፃቸው ያጸደቁትን ሕግ የግዛቱ ምክር ቤት እንዳሻው እንዳይነካው ደነገጉ፤ በሕጉ የተመደበውን ገንዘብ ለማዛወር የሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ዝውውሩም የመጀመሪያውን ዓላማ የሚያግዝ መሆን አለበት።

ይህን እንዳለ መቅዳት አይበጀንም። ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው እርዳታ በሚጠብቅበት ወር ምክር ቤት እጁ ታስሮ መቀመጥ የለበትም። ሕዝቡ ለልማት ከኪሱ የሚያዋጣው ብር ግን ከዚህ ይለያል። አርሶ አደሩ ቡናውን ሸጦ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ብሎ ያወጣው ገንዘብ ለሌላ ነገር ከተፈለገ፣ ያዋጣው ሰው ራሱ ተሰብስቦ ይጠየቅ። አጣዳፊ ነው ተብሎም አይታለፍ፤ ሁልጊዜ አጣዳፊ ነገር አይጠፋም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ለዚያ ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የወረዳ በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ የታወቀ አሠራር ነው። ዝውውሩም ባለቀ ማግስት እዚያው ይለጠፍ፦ ስንት ብር፣ ከየትኛው ሥራ ተነሥቶ፣ ለየትኛው፣ በማን ውሳኔ።