በእመት ጎጎ አፋፍ ላይ

ሰው አገሩን በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእግሩም ሊያውቃት ይገባል። እኔ በትምህርት ቤት ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ኖሬ፥ ሁለቱን በዐይኔ ያየኋቸው ግን ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ነው። ይኸውም በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል ቀጥሎ ባለው ሳምንት፥ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነውን የእኅቴን ልጅ አስከትዬ ወደ ስሜን ተራሮች በሄድሁ ጊዜ ነው። በዚያ ጕዞ ያገኘነው ደስታና የደረሰብን ድንጋጤ ለወላጆችም ለልጆችም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ እነሆ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

ከጎንደር ከተማ ተነሥተን ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያኽል ከተጓዝን በኋላ ደባርቅ ደረስን። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፥ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ ነበር፤ በ2017 ግን ከዚያ መዝገብ ወጣ። በደባርቅ አንድ መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዙ አንድ ጠባቂ ተሰጡን። ጠባቂው በዕድሜ የሚበልጡኝ፥ ንግግራቸው ቍጥብ የሆነ የዚያው አገር ሰው ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን በሳንቃበር አጠገብ የጭላዳ መንጋ አገኘን። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው፥ ደረቱ ላይ ጠጕር የሌለበት ቀይ ምልክት የተሣለበት እንስሳ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ቢቈጠርም ኑሮው እንደ በግ በሣር ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ሲበላ ይውላል፤ ሲመሽ ከገደሉ ወርዶ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ያድራል፤ ሲነጋም ተመልሶ ይወጣል። ልጁ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ሊወረውርላቸው ሲል ጠባቂው እጁን ያዙና «ልጄ፥ ዛሬ ቆሎ ብትሰጠው ነገ የገበሬውን ገብስ ይጠይቃል» አሉት። ቀጥለውም «ጭላዳ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው፤ ነብርም ሰውም ሊከተለው የማይችለው በዚያ ነውና» ብለው አስረዱን። ይኽችን ቃል ያን ጊዜ እንደ ተራ ወሬ ሰማኋት።

በማግሥቱ ወደ ግጭ ወጣን። በመንገዳችን የአስታ ዛፎች ጢማቸውን አንጠልጥለው፥ ጅብራውም በሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ አየን። ባዶውን የመንደር ቦታ ስናልፍ ጠባቂው ጥቂት ዝም አሉ። የመንደሩ ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ዱሩና አራዊቱ ያገግሙ ዘንድ ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ሄደዋል፤ ከእነርሱም መካከል የጠባቂው ዘመዶች ነበሩበት። ዋልያው እንዲሰነብት ዋጋ የከፈለ ሰው መኖሩን ያን ዕለት ተረዳሁ።

ግጭ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያኽል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነበረው፤ ራሴንም አመመኝ። ከመተኛታችን በፊት ጠባቂው በምድጃው ፍም ላይ ውኃ አፈሰሱ፤ ዐመዱን በእጃቸው እየዳሰሱ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አማሰሉት።

በሦስተኛው ቀን ጧት 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ እመት ጎጎ ተጓዝን። እዚያ ስንደርስ ከበታቻችን በገደሉ ወገብ ላይ ሦስት ዋልያዎች ቆመው አየን። አንደኛው ቀንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመ ታላቅ አውራ ነበር። በዓለም ላይ ዋልያ በተፈጥሮ የሚገኘው በዚህ በስሜን ብቻ መሆኑን እያሰብሁ ዐይኔን ከእርሱ ማንሣት ተሳነኝ። ጠባቂው ከቈላው የሚወጣውን ደመና ተመልክተው «የምንመለስበትን መንገድ አይቼ እስክመጣ ከዚህች ድንጋይ አትነሡ» ብለውን ሄዱ።

እኔ ግን ዋልያው ዞሮ ሲሰወር ጊዜ ልቤ ተከተለው። የልጁን እጅ ይዤ አርባ ርምጃ ያኽል ወደ ፊት ሄድሁ። ወዲያው ጉሙ እንደ ነጭ ነጠላ ሸፈነን፤ ፊትና ኋላ ጠፋብን። ልጁ «ጋሼ፥ በዚህ በኩል ነው የመጣነው» ብሎ ሊራመድ ሲል፥ ከፊቱ፥ ከእግራችንም በታች፥ የጭላዳ ጩኸት ተሰማ። ያን ጊዜ የጠባቂው ቃል ትዝ አለኝ። ጭላዳው ከበታች ከጮኸ ገደሉ ከፊታችን ነው። ልጁን ስቤ መሬት ላይ አስቀመጥሁት፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥሁ። ግማሽ ሰዓት ያኽል ሳንንቀሳቀስ ቈየን፤ ጸሎትም ከአፋችን አልተለየም። ጉሙ ሲገፈፍ የገደሉ አፋፍ ከልጁ እግር አራት ርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር።

ጠባቂው እየተጣሩ መጥተው አገኙን። በልጁ ፊት ሊያሳፍሩኝ አልወደዱም፤ «የኔታ፥ ቍሙ ባልሁዎት ቢቆሙ ኖሮ ጭላዳው ባላስተማረዎት» አሉኝ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለን ልጁ «ጋሼ፥ ከድንጋዩ የተነሣሁት እኔ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ለመመለስ ተቸገርሁ። በኋላ ግን «እቈጣህ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና ዛሬ አንተ ይቅር በለኝ» አልሁት። በመምህርነት ዘመኔ ለልጅ እንዲህ ብዬ የተናገርሁበት ቀን እምብዛም አልነበረም። ልጁም ከዚያ ወዲህ አጥፍቶ እንደ ሆነ ሳይደብቅ ይነግረኛል።

ከተመለስን በኋላ በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በፓርኩ ላይ ቃጠሎ ተነሣ፤ በመቶ የሚቈጠር ሄክታር የጓሳ ሣርና የአስታ ደን ተቃጠለ። ያገሬው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል፥ ከእስራኤል ባለሙያዎች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር ለርዳታ መጡ። ወሬውን በሰማሁ ጊዜ ዐመድ የሚዳስሰው የጠባቂው እጅ በዐይነ ኅሊናዬ መጣብኝ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ተራራ ለመሄድ ያሰባችሁ ወላጆች፥ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ሳትዘገዩ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ውረዱ። ለአራዊት ምግብ አትስጡ። እሳት ካነደዳችሁ ዐመዱ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ አጥፉ። ከሁሉ በላይ ግን አገሩን የሚያውቀው ሰው ቍሙ ባላችሁ ስፍራ ቍሙ፤ ልጆቻችሁ እግራችሁን ይከተላሉና።