ማባዛትና ማካፈል በለውዝ

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው ግልገል በለስ ነው። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በነበረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጅ ልጄም ቤት ዋለ። ትምህርት ሲከፈት የማባዣ ሰንጠረዡን በቃሉ ያንበለብለው ነበር፤ "12ን ለ3 አካፍል" ስለው ግን ዝም አለ።

ከጓዳ 12 የለውዝ ፍሬ አመጣሁና ለእሱ፣ ለእህቱና ለእኔ እኩል እንዲያድል ነገርኩት። አራት አራት ደረሰን። "አሁን መልሰህ ሰብስበው፤ አራት ሦስት ጊዜ ስንት ሆነ?" አልኩት። "12!" ብሎ ሳቀ። ማካፈል ማባዛትን መልሶ መፍታት እንደሆነ በእጁ አየው። አንድ ፍሬ ስጨምር ደግሞ "አንዱ ተረፈ" አለ፤ ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ ገባው።

ነገሩ ለምን ያሳስበኛል? በሥራ ዘመኔ 8 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ሲታዘዝ፣ 8ን በ15 አባዝቼ 120 ሚሊግራም እላለሁ። ከዚያ ይህ መጠን በስንት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ እንዳለ አካፍዬ አገኛለሁ። ስሌቱ ቢሳሳት የሚጎዳው ሕፃኑ ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ሲሳሳት አትቆጡት፤ ፍሬውን እንደገና አስቆጥሩት። ልምምዱ ሲያልቅ ለውዙ ይበላል።